ገንዘቡ ኋላ የመጣ አይደለም፦ ስለ ዩኒቨርሲቲ ስፖርት «ንጹሕ ዘመን» የተሰጠ ምላሽ

የአሜሪካ የዩኒቨርሲቲ ስፖርት በተነሣ ቁጥር የሚደጋገም አንድ ትረካ አለ። ድሮ ተማሪው ለተማረበት ቤት ክብርና ለጨዋታው ፍቅር ብቻ ይሮጥ፣ ይቀዝፍ፣ ኳስ ይዞ ይጋፋ ነበር። ኋላ ቴሌቪዥን መጣ፣ ነጋዴው ገባ፣ የአሠልጣኙ ደሞዝ ከዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት በለጠ። አሁን ደግሞ ተጫዋቹም ተከፋይ ሆነና ባህሉ ፈረሰ ይባላል። በጁን 2025 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የፌዴራል ዳኛዋ ክላውዲያ ዊልከን ዩኒቨርሲቲዎች ከስፖርት ገቢያቸው ለተጫዋቾቻቸው በቀጥታ እንዲያካፍሉ የሚፈቅደውን ስምምነት ሲያጸድቁ ይኸው ትረካ እንደ አዲስ ተነሣ። ስምምነቱ ለቀድሞ ተጫዋቾች ወደ 2.8 ቢሊዮን ዶላር ካሣ ይዟል፤ አንድ ዩኒቨርሲቲም በመጀመሪያው ዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ለተጫዋቾቹ እንዲያከፋፍል ፈቅዷል። ብዙዎች ይህን የአንድ ዘመን መቃብር አድርገው አዩት።

ትረካው የመንደር ወሬ ብቻ ቢሆን ምላሽ ባላስፈለገው ነበር። ነገር ግን ከፍተኛው ፍርድ ቤት ድረስ ገብቷል። በ1984 የኦክላሆማ ዩኒቨርሲቲ የበላይ ቦርድ የዩኒቨርሲቲ ስፖርትን በሚመራው ማኅበር በኤንሲኤኤ ላይ ባቀረበው የቴሌቪዥን ክስ ማኅበሩ ተረታ። ፍርዱን የጻፉት ዳኛ ጆን ፖል ስቲቨንስ ግን ማኅበሩ የአማተርነትን፣ ማለትም ያለ ክፍያ የመጫወትን፣ የተከበረ ባህል ጠብቆ የማቆየት ልዩ ሚና እንዳለው በአድናቆት አሰፈሩ። ያች አድናቆት ለማኅበሩ ጋሻ ሆነችለት። ከሠላሳ ዓመት በላይ፣ ተጫዋቾች ድርሻችንን ስጡን ብለው በከሰሱ ቁጥር ጠበቆቹ እየመዘዙ ያሳዩት ይህንኑ «የተከበረ ባህል» ነበር። ስለ ታሪክ የተባለ አንድ አባባል የብዙ ሺህ ወጣቶችን ገቢ ወሰነ ማለት ነው። ስለዚህ አባባሉ እውነት መሆን አለመሆኑ ትልቅ ነገር ነው።

የእኔ ሙግት አጭር ነው። ያ ንጹሕ ዘመን አልነበረም። ገንዘቡ ከመጀመሪያው ውድድር ጋር አብሮ ተወልዷል፤ የአማተርነት ደንብ ከዓመታት በኋላ ተከትሎ መጣ። ሲመጣም ገንዘቡን ከሜዳ አላስወጣም፤ ማን እንደሚቀበለውና ማን እንደማይቀበለው ለየ። በመንገድ ላይ የጠፋ ነገር የለም ለማለት አይደለም። አለ፤ ግን ሌላ ነገር ነው፣ በቦታው እመጣበታለሁ።

ከሥሩ እንጀምር። በአሜሪካ ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች በስፖርት የተገናኙበት የመጀመሪያው ውድድር ኦገስት 3 ቀን 1852 በኒው ሃምፕሻየር፣ ዊኒፐሶኪ ሐይቅ ላይ የተደረገው የሃርቫርድና የዬል የጀልባ ቀዘፋ ነው። ሐሳቡን ያመነጨው ከሁለቱ ዩኒቨርሲቲዎች አንዱም አይደለም። ጄምስ ኤልኪንስ የሚባል የቦስተን፣ ኮንኮርድና ሞንትሪያል የባቡር ድርጅት ኃላፊ ነበር። የባቡር መስመሩ ወደ ሐይቁ አካባቢ ገብቷል፤ ተሳፋሪ ግን ያስፈልገዋል። ኤልኪንስ ከዬል ቀዛፊዎች አንዱ ለነበረው ለጄምስ ዋይተን ሁለታችሁ በሐይቁ ላይ ብትወዳደሩ ወጪያችሁን በሙሉ እችላለሁ አለው። ዋይተን ጓደኞቹን አሳመነ፣ ለሃርቫርድም ጥሪው ደረሰ። የሁለቱም ቡድን ልጆች መጓጓዣው፣ አልጋው፣ ምግቡና መጠጡ ተከፍሎላቸው ሴንተር ሃርበር በምትባለው መንደር ከረሙ። ሃርቫርዶች እጃቸው እንዳይላጥ ብለው ብዙም ልምምድ እንዳላደረጉ ይነገራል።

በውድድሩ ዕለት ወደ አንድ ሺህ የሚገመት ተመልካች ዳርቻውን ሞላ። የሃርቫርድ ጀልባ «ኦናይዳ» የዬልን ጀልባዎች ቀድማ ገባች። አሸናፊዎቹ የተሸለሙት ከጥቁር ዋልነት እንጨት የተሠራ፣ በብር የተለበጠ ጥንድ መቅዘፊያ ነው። ሽልማቱን የሰጡት ደግሞ በዚያው ዓመት ለፕሬዚዳንትነት ይወዳደሩ የነበሩት፣ ጥቂት ወራት ቆይተውም ያሸነፉት ጄኔራል ፍራንክሊን ፒርስ ናቸው። እንግዲህ ይህን ዕለት ልብ ብሎ ላየው የዛሬው የዩኒቨርሲቲ ስፖርት አካላት ከሞላ ጎደል ተሟልተው ይታያሉ፦ ስፖንሰር ያደረገ ድርጅት፣ ቲኬት የሚሸጥለት የትራንስፖርት ንግድ፣ ለተጫዋቹ የተከፈለ ወጪ፣ ውድ ሽልማት፣ ሕዝብ ፊት መታየት የሚፈልግ ፖለቲከኛ። የጎደለው ካሜራ ብቻ ነው። በ2021 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ተጫዋቾች ባቀረቡት በአልስተን ክስ ዘጠኝ ለዜሮ በማኅበሩ ላይ ሲፈርድ፣ ውሳኔውን የጻፉት ዳኛ ኒል ጎርሰች የታሪክ ትረካቸውን የጀመሩት ከዚሁ የጀልባ ውድድር መሆኑ ድንገተኛ አልነበረም። የስቲቨንስን አድናቆት ለመንቀል ሥሩ ድረስ መቆፈር አስፈልጓቸዋል።

«አንድ የባቡር ድርጅት አንድ ጊዜ ከፈለ፤ ይህ ምን ያስረዳል?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ስለዚህ እንቀጥል።

የሃርቫርድ መለያ ቀለም ክሪምሰን፣ ያ ደማቅ ቀይ፣ ከየት መጣ? በ1858 ቦስተን ላይ በተደረገ የቀዘፋ ውድድር ቻርልስ ኤልየትና ባልደረባው ቤንጃሚን ክራውኒንሺልድ ተመልካቹ ጀልባቸውን ከሌላው እንዲለይ ቀይ የሐር መሐረብ ገዝተው ለቀዛፊዎቹ አደሉ። ዛሬ በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ምሩቃን ልባቸው የሚሞቅለት ቀለም ከዚያ መሐረብ ወረደ። ዩኒቨርሲቲው በይፋ ያጸደቀው በ1910 ነው። እስካሁን ያለው ታሪክ በየመጽሔቱ ይጻፋል። የማይጻፈው ውድድሩ የገንዘብ ሽልማት የነበረው መሆኑና ቡድኑም ሽልማቱን መውሰዱ ነው። ደግሞም ኤልየት በዚያን ጊዜ ተማሪ አልነበረም። በ1853 ተመርቆ ሒሳብና ኬሚስትሪ ያስተምር ነበር። የተማሪዎች ቡድን በተባለ ጀልባ ውስጥ መምህር ተቀምጦ ለገንዘብ ቀዝፏል፤ ያኔ ማንም ነውር አላለውም። ይኸው ሰው ኋላ ከ1869 ጀምሮ ለአርባ ዓመት የሃርቫርድ ፕሬዚዳንት ሆኖ የስፖርቱን ልክ ማጣት በብርቱ ከተቃወሙት ቀዳሚው ሆነ። ሰው አቋሙን ቢለውጥ አልነቅፍም፤ የኤልየትም ተቃውሞ በቂ ምክንያት ነበረው። ለታሪክ ጸሐፊ የሚጠቅመው ግን መምህርና ተማሪ ተደባልቀው ለሽልማት የቀዘፉበትን ያንን ጊዜ «የንጽሕና ዘመን» ብሎ መጥራት እንደማይቻል ማወቁ ነው።

ዬል በ1864 ዊልያም ውድ የሚባል ከኒው ዮርክ የመጣ የጂምናስቲክ ባለሙያ ለቀዘፋ ቡድኑ አሠልጣኝነት በገንዘብ ቀጠረ። በዚያው ዓመት ሃርቫርድን አሸነፈ። ከዚያ ወዲያ የባለሙያ አሠልጣኝ ጉዳይ ወደ ኋላ የሚመለስ አልሆነም። ሃርቫርድ በ1905 ቢል ሪድን የአሜሪካን ፉትቦል አሠልጣኝ አድርጎ ሲቀጥር የ26 ዓመት ወጣት ነበር፤ የተቆረጠለት ደሞዝ 7000 ዶላር ነው። ከማናቸውም የሃርቫርድ ፕሮፌሰር ይበልጥ ነበር፤ ከፕሬዚዳንት ኤልየት ደሞዝም ብዙ አይርቅም። የዛሬ አሠልጣኞች ደሞዝ ሲነሣ «ወይ ዘመን!» የሚሉ ሰዎች ይህን ቁጥር አያውቁትም።

ከሁሉ ይልቅ ዬል ላይ ብንቆይ ነገሩ ይበልጥ ይጠራል፤ የአሜሪካን ፉትቦል ደንብና መንፈስ በአብዛኛው የተቀረጸው እዚያ ነውና። ዋልተር ካምፕ የዚህ ስፖርት አባት ይባላል። መተዳደሪያው ዬል ባለበት በኒው ሄቨን የሰዓት ፋብሪካ ነበር። ከሥራ መውጣት ስለማይችል ባለቤቱ አሊስ ልምምዱ ላይ እየተገኘች ያየችውን ማታ ትነግረዋለች፤ አምበሉና ነባር ተጫዋቾች ቤታቸው መጥተው ይመካከራሉ። ካምፕ ለአሠልጣኝነቱ ደሞዝ አልተቀበለም። በፍቅር የሠራ ሰው ነው፤ ይህን ማንም አይነሣውም። ግን የዬልን የስፖርት ገንዘብ የያዘውም እሱ ነበር። በ1905 እና በ1906 ጉዳዩ ሲመረመር ከፉትቦል ገቢ የተጠራቀመ ወደ 100,000 ዶላር የሚጠጋ፣ የዩኒቨርሲቲው ማኅበረሰብ የማያውቀው ተቀማጭ ተገኘ። በዚያ ዘመን ይህ እጅግ ትልቅ ገንዘብ ነው። በፍቅር የሚሠራው ሰውና የተደበቀው ካዝና በአንድ ቤት ይኖሩ ነበር።

ካዝናው ለማን ይፈስ እንደነበር ለማየት የ1904ቱን የዬል አምበል ጄምስ ሆጋንን እንመልከት። ሆጋን ከድሃ ቤተሰብ የወጣ፣ ዕድሜው ወደ ሠላሳ የቀረበ ተማሪ ነበር። ሄንሪ ቢች ኒድሃም በ1905 በማክሉርስ መጽሔት እንዳጋለጠው፣ ቫንደርቢልት ሆል በተባለው የተንደላቀቀ መኖሪያ ክፍል ተሰጥቶታል፤ ምግቡ ተችሏል፤ የትምህርት ክፍያው ተሸፍኗል። ከቤዝቦል ጨዋታዎች የፕሮግራም ሽያጭ ትርፍ ድርሻ ነበረው። በኒው ሄቨን ከሚሸጠው የአሜሪካን ቶባኮ ኩባንያ ሲጋራ ኮሚሽን ያገኝ ነበር። የፉትቦሉ ወቅት ሲያልቅ ደግሞ ወደ ኩባ የዕረፍት ጉዞ ተላከ። በስሙና በዝናው የሚነግድ ተጫዋች ይህ ከተፈቀደበት ከ2021 በኋላ የተፈጠረ ለሚመስለው ሰው ሆጋን በቂ መልስ ነው። በሆጋን ላይ አልፈርድም። ሲሠራበት ከነበረው ስፖርት የሚገባውን ቁራሽ ነው ያገኘው።

አሁን ከሆጋን አጠገብ ጂም ቶርፕን እናቁም። ቶርፕ ሳክና ፎክስ የተባለው የአሜሪካ ነባር ሕዝብ ልጅ ነው፤ ለካርላይል የአሜሪካ ሕንዶች ትምህርት ቤት ፉትቦል ይጫወት ነበር። በ1911 ያ ትንሽ ትምህርት ቤት ሃርቫርድን በገዛ ሜዳው 18 ለ 15 ሲረታ ጀግናው እሱ ነበር። በ1912 ስቶክሆልም ኦሎምፒክ በፔንታትሎንና በዲካትሎን ሁለት ወርቅ አገኘ። በ1913 መጀመሪያ ጋዜጦች አንድ ነገር አወጡ፦ በ1909 እና በ1910 በጋ በሰሜን ካሮላይና በትናንሽ ቡድኖች ቤዝቦል ተጫውቶ ጥቂት ዶላር ተከፍሎታል። በዚያ ዘመን ብዙ የኮሌጅ ተጫዋቾች በጋውን ይህንኑ ያደርጉ ነበር፤ ልዩነቱ እነሱ በሐሰት ስም መጫወታቸው፣ ቶርፕ ግን በገዛ ስሙ መጫወቱ ነው። ሜዳሊያዎቹ ተነጠቁ። አሠልጣኙ ፖፕ ዋርነር ምንም አላውቅም ብሎ እጁን ታጠበ። ቶርፕ በ1953 ሞተ፤ ቤተሰቡ ምትክ ሜዳሊያዎችን ያገኘው በ1983 ነው፣ ብቸኛ አሸናፊነቱ በመዝገብ የተመለሰለት በ2022 ነው። የዬሉ አምበል በሲጋራ ኮሚሽን ሳይቀጣ ሲቀር፣ ለዕለት ጉርስ ኳስ የተጫወተው ልጅ ዕድሜ ልኩን ተቀጣ። የአማተርነት ደንብ ምን ይሠራ እንደነበር ከዚህ በላይ የሚያሳይ ማስረጃ አላገኘሁም።

ደንቡ እንዲህ መሆኑ አይገርምም፤ የተፈጠረበትን ቤት ካየን። አሜሪካኖች ከእንግሊዝ ነው የወሰዱት። እዚያ የኦክስፎርድና የኬምብሪጅ የቀዘፋ ፉክክር በ1829 ሄንሊ ላይ ተጀምሮ ነበር። በ1870ዎቹ መጨረሻና በ1880ዎቹ መጀመሪያ የእንግሊዝ የቀዘፋ አስተዳዳሪዎች አማተር ማን እንደሆነ ሲወስኑ፣ በእጁ ሥራ ደሞዝ የሚያድር ሰው፣ ማለትም መካኒክ፣ የእጅ ባለሙያና የጉልበት ሠራተኛ፣ አማተር ሊሆን አይችልም አሉ። ለውድድር ተከፍሎት ቢሆን ባይሆን ለውጥ የለውም። ጆን ኬሊ የተባለው የፊላደልፊያ ግንበኛ በ1920 ሄንሊ ላይ ለመወዳደር አመልክቶ ሲከለከል፣ ከምክንያቶቹ አንዱ ይኸው የእጅ ሥራው ነበር። በዚያው በጋ አንትወርፕ ኦሎምፒክ ላይ ያንኑ የሄንሊ ውድድር ያሸነፈውን እንግሊዛዊ ቀድሞ ወርቅ ወሰደ። ደንቡ እስከ 1937 ጸና። ባለርስቱ ከግንበኛው ጋር ላለመቅዘፍ ያወጣው ደንብ ነው እንግዲህ ዛሬ የስፖርት ቅድስና ሆኖ የሚለቀስለት።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ ለቅሶ ይበልጥ እንግዳ ሊሆንበት ይገባል። የእኛ አትሌቲክስ ያደገው ደሞዝ በሚከፍሉ ተቋማት እቅፍ ነው። አበበ ቢቂላ በሮም በ1960 በባዶ እግሩ ሲያሸንፍም ሆነ በቶኪዮ በ1964 ሲደግም የክቡር ዘበኛ ወታደር ነበር፤ ደሞዝተኛ። ከእሱ በኋላ የመጡት በመከላከያ፣ በፖሊስ፣ በማረሚያ ቤቶች፣ በባንክና በመብራት ኃይል ክለቦች እየተቀጠሩ አደጉ። አንድ ልጅ ከአርሲ ወይም ከደብረ ብርሃን አካባቢ ወጥቶ ክለብ ሲገባ መንደሩ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ደሞዙ ስንት ነው?» ብሎ ነው። ከዚያም ያ ደሞዝ ለእናቱ ጣሪያ፣ ለታናናሾቹ ደብተር ይሆናል። የአበበን ድል በወር ደሞዙ ምክንያት ያነሰ ያደረገ ኢትዮጵያዊ አላውቅም። ሰው ከልፋቱ እንጀራ ቢበላ ለባንዲራ ያለው ፍቅር አይቀንስም፤ ይህን ከማንም በላይ እኛ እናውቀዋለን። ታዲያ ይህን የምናውቅ ሰዎች የአሜሪካውን ትረካ እንዳለ ተቀብለን «እዚያ ተማሪዎች ለፍቅር ብቻ ይጫወቱ ነበር» እያልን ስንደግም ያሳዝነኛል።

የትረካው ጠበቆች ሌላ ነጥብ አላቸው፤ ኤንሲኤኤ የተቋቋመው ባህሉን ከብልሹነት ለማዳን ነው ይላሉ። ግማሹ እውነት ነው። በ1905 ወቅት በፉትቦል ሜዳ 18 ወጣቶች ሞቱ። ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት የሃርቫርድን፣ የዬልንና የፕሪንስተንን ሰዎች ኋይት ሐውስ ጠርተው አነጋገሩ። የዩኒየን ኮሌጁ ሃሮልድ ሙር ከኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ጋር በተደረገ ጨዋታ በሞተ ማግስት የዩኒቨርሲቲው ኃላፊ ሌሎችን ጠርተው ስብሰባ አደረጉ፤ ከዚያም ማኅበሩ በ1906 ተመሠረተ። ሕይወት ማዳን ነበር ዓላማው፤ ይህ ክብር ይገባዋል። ክፍያ መከልከሉ በዚያው ሰነድ ገባ፤ በተግባር ግን ማንም አልጠበቀውም። የካርኔጊ ተቋም በ1929 ከመቶ በላይ ኮሌጆች ዞሮ ባወጣው ትልቅ ጥናት አብዛኞቹ ለተጫዋቾቻቸው በአንድ ወይም በሌላ መንገድ ይከፍሉ እንደነበር አሳየ።

ክልከላው እውነተኛ ጥርስ ያወጣው በሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ነው፤ ያኔም የነከሰው ማንን እንደሆነ እንይ። በ1955 ሬይ ዴኒሰን የተባለ በኮሎራዶ የፎርት ሉዊስ ኮሌጅ ተጫዋች ጨዋታ ላይ ጭንቅላቱን ተመትቶ ሞተ። ባለቤቱ ሥራ ላይ ለሞተ ሠራተኛ ቤተሰብ የሚሰጠውን ካሣ ጠየቀች። የኮሎራዶ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ1957 አይገባሽም አላት፤ ኮሌጁ በፉትቦል ንግድ ውስጥ የለም ተባለ። ማኅበሩን ለረጅም ዘመን የመሩት ዋልተር ባየርስ ከጡረታ በኋላ በ1995 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ተጫዋቾችን ከሠራተኛ ለመለየት የተበጀው ይፋዊ አጠራር ከእንዲህ ያለ የካሣ ክስ ፍርሃት የመነጨ መሆኑን ራሳቸው መስክረዋል። ቤቱን የሠራው ሰው ምስክርነት ነው።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ባህሉን የማፍረስ ፍላጎት አድርጎ የሚያይ ካለ ተሳስቷል። የዩኒቨርሲቲ ቡድን ባህል ሰውን የሚያስተሳስር እውነተኛ ነገር ነው። ዬሎች «ሃንድሰም ዳን» የሚሉትን የቡድናቸውን መለያ ቡልዶግ ውሻ ከ1889 ጀምሮ ትውልድ በትውልድ እየተኩ ይዘዋል። የሃርቫርድና የዬል ዓመታዊ ፉትቦል «ጨዋታው» ብቻ ተብሎ ይታወቃል፤ በ1914 ዬል ቦል የተባለው ግዙፍ ስታዲየም በዚሁ ጨዋታ ሲመረቅ ሃርቫርድ 36 ለ 0 አሸንፎ እንግዳ ሆኖ ምረቃውን ወሰደ። የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ ከልጅ ልጁ ጋር ተቀምጦ አብሮ የሚጮህበት ነገር በዚህ ዘመን ብዙ የለም። ይህ ፍቅር ግን በተጫዋቹ ኪስ ባዶነት ላይ የተመሠረተ አይደለም። ባህሉን የሠሩትና ያሰፉት ደግሞ ብዙ ጊዜ «ባህሉን ታፈርሳላችሁ» የተባሉት ሰዎች ናቸው።

ለዚህ ምስክር የሚሆነኝ የዬል ሴቶች ቀዘፋ ቡድን ነው። ጾታን መሠረት ያደረገ አድልዎ የሚከለክለው «ታይትል ናይን» የተባለ ሕግ በ1972 ወጥቷል። ሴቶቹ ከኒው ሄቨን ወጣ ብሎ ደርቢ በሚባል ቦታ ባለው የቀዘፋ ቤት ከወንዶቹ እኩል ይለማመዳሉ። ቤቱ ሻወር ያለው ለወንዶች ብቻ ነው። ልምምዱ ሲያልቅ ወንዶቹ ታጥበው፣ ልብሳቸውን ቀይረው እስኪወጡ ሴቶቹ በላብና በወንዝ ውሃ በራሰ ልብስ፣ በክረምት ብርድ፣ አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። አንዷ የሳንባ ምች ያዛት። ደጋግመው አመለከቱ፤ ሰሚ አጡ። ማርች 3 ቀን 1976 በአምበላቸው በክሪስ ኧርነስት መሪነት 19 ቀዛፊዎች ወደ አካል ብቃት ክፍል ኃላፊዋ ቢሮ ገቡ፤ የለበሱትን አወለቁ። ጀርባቸውና ደረታቸው ላይ የሕጉ ስም በቀለም ተጽፎ ነበር። ኧርነስት ያዘጋጁትን ጽሑፍ አነበበች፤ ዬል የሚበዘብዘውን ሰውነታቸውን ብርድ እንደሚፈጀው ለኃላፊዋ ነገረቻት። አብሯቸው የገባ የተማሪዎች ጋዜጠኛ ወሬውን ለኒው ዮርክ ታይምስ አደረሰው። በቀጣዩ ዓመት የቀዘፋ ቤቱ ለሴቶች የሚሆን ክፍል ተጨመረለት። ኧርነስት በዚያው 1976 በሞንትሪያል ለአገሯ ቀዘፈች። ዛሬ ዬል ስለ ቀዘፋ ታሪኩ ሲናገር የእነሱን ቀን ሳያነሣ ማለፍ አይችልም። በዚያ ጠዋት ግን ብዙዎች ያዩት ቅሌት እንጂ ባህል አልነበረም።

እንግዲህ የጠፋው ምንድን ነው? እንደ እኔ ንባብ የጠፋው የተማሪው ሥልጣን ነው። በመጀመሪያዎቹ አሥርተ ዓመታት ስፖንሰሩ ነጋዴ ቢሆንም ቡድኑ የተማሪዎቹ ነበር። የሚወዳደሩበትን ቀን እነሱ ይቀጥራሉ፣ ደንቡን እነሱ ይደራደራሉ፣ አምበሉን እነሱ ይመርጣሉ፣ አምበሉ ቡድኑን ያሰልፋል። ራትገርስና ፕሪንስተን ኖቬምበር 6 ቀን 1869 በአንድ ወገን 25 ሆነው የተጫወቱት የመጀመሪያው የኮሌጅ ፉትቦል ጨዋታ በተማሪዎች የተቀጠረ፣ በተማሪዎች ደንብ የተዳኘ ነበር። ከዚያ ምሩቃኑ ገንዘቡን ያዙ፤ ቀጥሎ የተቀጠረው አሠልጣኝ አሰላለፉን ያዘ፤ ከ1906 በኋላ ደግሞ ተቋማት ማኅበር መሥርተው ደንቡን ያዙ። ተጫዋቹ ሰውነቱን ብቻ ይዞ ቀረ። ለንጽሕና የሚያለቅሱት ሰዎች ይህን ማጣት አያነሡትም፤ እኔ ግን ማዘን ካለብን ለዚህ ነው እላለሁ።

የዛሬውንም ስጋት የማየው ከዚህ አንጻር ነው። በውጭ አገር ባሉ የኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ዘንድ ልጅን በሩጫ ዩኒቨርሲቲ ማስገባት ትልቅ ተስፋ ነው። ከኢትዮጵያውያን ወላጆች ኬንታኪ ተወልዶ፣ ለኖትር ዳም ዩኒቨርሲቲ ሮጦ በ2019 በ1500 ሜትር የኮሌጆች ሻምፒዮን የሆነውና በ2024 በፓሪስ ኦሎምፒክ ነሐስ ያገኘው ያሬድ ንጉሤ የዚህ መንገድ ታላቅ ምሳሌ ነው። አዲሱ ስምምነት ለነጻ ትምህርት ዕድል የነበረውን ጣሪያ አንሥቶ በቡድን አባላት ቁጥር ላይ ጣሪያ አደረገ፦ ለፉትቦል 105፣ ለአትሌቲክስ 45፣ ለአገር አቋራጭ 17። ገና ያልበሰለ፣ በሁለተኛና በሦስተኛ ዓመቱ የሚያብብ ሯጭ ድሮ ያለ ክፍያም ቢሆን ከቡድኑ ጋር ይለማመድ ነበር፤ አሁን ያች ቦታ ጠባለች። ለቀድሞ ተጫዋቾች የተሠራው የካሣ ቀመር ደግሞ አብዛኛውን ለፉትቦልና ለወንዶች ቅርጫት ኳስ ይሰጣል። ይህ አድልዎ ነው ብለው ሴት አትሌቶች ወዲያው ይግባኝ አሉ። እነዚህ ከባድ ጥያቄዎች ናቸው። ገንዘብ መኖር አለበት ወይስ የለበትም ከሚለው ያረጀ ክርክር ጋር ግን አይገናኙም፤ ክፍፍሉን ማን ይወስናል የሚሉ ናቸው።

የዳርትመዝ ኮሌጅ የወንዶች ቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች ይህን በግልጽ አንሥተውት ነበር። ዳርትመዝ እንደ ሃርቫርድና እንደ ዬል ሁሉ በስፖርት ችሎታ ነጻ የትምህርት ዕድል የማይሰጥ፣ የአማተርነት የመጨረሻ ምሽግ የሚባለው የዩኒቨርሲቲዎች ስብስብ፣ የአይቪ ሊግ፣ አባል ነው። በማርች 2024 ተጫዋቾቹ የሠራተኛ ማኅበር ለመመሥረት 13 ለ 2 ድምፅ ሰጡ። ኮሌጁ ተማሪዎች እንጂ ሠራተኞች አይደላችሁም ብሎ ለመደራደር እምቢ አለ። ዓመቱ ሊያልቅ ሲል፣ የመንግሥት ለውጥ በመጣበት ሰሞን፣ አቤቱታቸው ተቋረጠ። በቀጣዩ ጁን የጸደቀው ትልቁ ስምምነት ጣሪያውን ከታላላቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች አማካይ የስፖርት ገቢ 22 በመቶ አድርጎ አሰላው። ይህን ቁጥር የተስማሙበት የከሳሽና የተከሳሽ ጠበቆች ናቸው። በየሜዳው ከሚሮጡት፣ ከሚቀዝፉትና ከሚጋፉት ተጫዋቾች መካከል ጓደኞቹ መርጠው ወክለውት 22 ይብዛ ወይም ይነስ ብሎ የተደራደረ አንድም ሰው አልነበረም።